የቤንዚን መንገድ
ካርቡራቶር ባለው ሞተር ላይ የነዳጅ መቋረጥ ምክንያት እንዴት ሲፈለግ እንደ ኖረ

መግቢያ

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚነግሩን ስለ ፈልሳፊዎቹ፣ ስለ ፍጥነቱና ተሠርቶ ስለ ተሸጠው ብዛት ነው። መኪናው በመንገድ ላይ ሲቆም ነጂውና መካኒኩ ምን እንዳሰቡ፣ የቆመበትንም ምክንያት በምን ዘዴ ፈልገው እንዳገኙ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጥናት የሚመለከተው ይህን የተዘነጋ ክፍል፣ በተለይም የነዳጅ መቋረጥን ነገር ነው።

ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። ቤንዚን ከታንኩ ተነሥቶ ሲሊንደር ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው ክፍሎች እያንዳንዳቸው የተጨመሩት ቀድሞ የነበረውን አንድ ችግር ለማስወገድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱን አዲስ በሽታ ይዞ መጥቷል። ስለዚህ የክፍሎቹን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የብልሽቱንም ዓይነት ያውቃል፤ ካርቡራቶሩን ከመፍታቱም በፊት ከወዴት መጀመር እንደሚገባው ይረዳል። አባቶቻችን «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. የባርኔጣዋ መርፌ

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ ለሦስት እግር ተሽከርካሪው የፈጠራ መብት ወረቀት የጠየቀው በጥር ወር 1886 ነው። የዚያ ሞተር ካርቡራቶር ዛሬ እንደምናውቀው ቤንዚን የሚረጭ አልነበረም። ነዳጁ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ከላዩ ይተናል፤ አየሩም በላዩ ሲያልፍ ትነቱን ይዞ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ዕቃው ይይዝ የነበረው 4.5 ሊትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ ሩቅ መንገድ ለመሄድ የሚያስተማምን አልነበረም።

በነሐሴ ወር 1888 የቤንዝ ባለቤት በርታ ቤንዝ ሁለቱን ልጆቿን ኦይገንንና ሪቻርድን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። በዚህ ጉዞ የነዳጅ ችግር ሁለት ጊዜ አጋጠማት። በመጀመሪያ ነዳጁ እየጎደለ ሄደ፤ በቪስሎክ ከተማ ከመድኃኒት ቤት ሊግሮይን የተባለውን፣ በዚያን ጊዜ ለልብስ ማጽጃ ይሸጥ የነበረውን ፈሳሽ ገዝታ ጨመረች። በሌላ ጊዜ ደግሞ ነዳጅ እያለ ቧንቧው በቆሻሻ ተደፈነ፤ እርሷም የባርኔጣዋን መርፌ አውጥታ ጠረገችው።

ይህ ታሪክ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ለሴቲቱ ብልኃትና ድፍረት ምስጋና ነው፤ የሚገባም ነው። ለእኛ ጥናት ግን ሌላ ቁም ነገር አለበት። ሁለቱ ችግሮች በምልክት አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ሞተሩ ይራባል፣ ይዳከማል፣ ይቆማል። በምክንያት ግን የተለያዩ ናቸው። አንደኛው የቤንዚን አለመኖር ሲሆን ሁለተኛው ቤንዚን እያለ አለመድረሱ ነው። ቧንቧው የተደፈነበት ሰው ነዳጅ ቢጨምር፣ ነዳጅ ያለቀበትም ሰው ቧንቧውን ቢጠርግ ድካሙ ከንቱ ነው። ምርመራ የሚባለው ሥራ የተጀመረው ምልክቱ አንድ ሆኖ ሳለ ምክንያቱን ለይቶ በማወቅ ነው።

፪. ከትነት ወደ መርጨት

የትነቱ ዘዴ ከአየሩ ጠባይ ጋራ ይለዋወጥ ነበር። ብርድ ሲሆን ነዳጁ አይተንም፤ ሙቀት ሲሆን ከመጠን በላይ ይተናል። ይህን ለማስቀረት በ1893 በጀርመን ቪልሄልም ማይባክ፣ በዚያው ዓመት በቡዳፔስት ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨውን ካርቡራቶር አወጡ። የሚሠራበት ሕግ ከዚያ አስቀድሞ በሳይንስ የታወቀ ነበር። ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738፣ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ደግሞ በ1797 እንዳሳተሙት፣ በቧንቧ የሚሄድ ፈሳሽ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። አየርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አየሩ በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን ከቀዳዳው ስቦ ያወጣዋል።

ቤንዚኑ ግን ሁልጊዜ ከቀዳዳው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ መጠበቅ አለበት። ይህን የሚጠብቀው በትንሽ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠው ተንሳፋፊ ነው። ገንዳው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ መርፌ በመሰለ መዝጊያ መግቢያውን ይዘጋዋል፤ ሲጎድል ይከፍተዋል። ከዚህ አዲስ መድኃኒት ሦስት አዳዲስ ብልሽቶች ተወለዱ። በመርፌውና በመቀመጫው መካከል ጉድፍ ቢገባ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል። ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ቢገባበት ይሰምጣል፤ አሁንም ይፈስሳል። መርፌው ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ገንዳው ይደርቃል። ከ1893 ወዲህ ስለዚህ «ጎደለ» ብቻ ሳይሆን «በዛ» የሚል የበሽታ ስምም በመካኒኩ አፍ ገባ።

መጠኑም ጥብቅ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ በይዘት ሲታሰብ 1 ሊትር ቤንዚን 9,000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ካርቡራቶር ይህን መጠን በሁሉም ፍጥነት መጠበቅ ስለማይችል፣ በኋላ የመጡት ሠሪዎች ሥራውን ከፋፈሉት። ሞተሩ ቆሞ ሲንተከተክ ለብቻው ትንሽ ቀዳዳ፣ ለጉዞ ዋና ቀዳዳ፣ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ጠብታ የምትጨምር ትንሽ ፓምፕ፣ በብርድ ለማስነሣት ደግሞ አየር የሚያሳንስ ቾክ ተሠራ። እንግዲህ አንድ ካርቡራቶር የምንለው በእውነቱ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሦስት ወይም አራት ካርቡራቶሮች ነው።

ለመርማሪው ይህ ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ የብልሽቱ ሰዓት የብልሽቱን ቦታ ይነግረዋልና። በጉዞ ደኅና የሚሄደው መኪና በመብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ ከሆነ የሚጠረጠረው ትንሹ ቀዳዳ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ለአፍታ ተንፍሶ ከዚያ የሚነሣ ከሆነ የምትጠረጠረው ትንሿ ፓምፕ ናት። በከተማ ውስጥ ደኅና ሆኖ በረጅም ዳገት ላይ የሚደክም ከሆነ ግን ዋናው ቀዳዳ፣ ወይም ከካርቡራቶሩ በፊት ያለው መንገድ ሁሉ ይጠረጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።

፫. ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶሩ እንዴት ይደርሳል?

በመጀመሪያው ዘመን መልሱ ቀላል ነበር፤ ታንኩ ከካርቡራቶሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቤንዚኑም በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ ለብዙ ዓመታት ታንኩ ከፊት መቀመጫ ሥር ነበር። ፓምፕ ስላልነበረው የሚበላሽ ፓምፕም አልነበረውም። ነገር ግን ታንኩ ሲጎድል በቀጥ ያለ ዳገት ላይ የሞተሩ ወገን ከፍ ስለሚል ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል። ነጂዎቹም መኪናውን አዙረው ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጡት ነበር። ይህን ያደረገ ገበሬ ስለ ፈሳሽ ግፊት ትምህርት ሳይማር ምርመራውን በትክክል ፈጽሟል፤ ብልሽቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከታንኩ ከፍታ መሆኑን ዐውቋልና።

ታንኩን ወደ መኪናው ጀርባ ለማራቅ በተፈለገ ጊዜ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በአሜሪካ የመሳቢያ ገንዳ የተባለው ዘዴ ተስፋፋ። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው መሳብ ቤንዚኑን ከጀርባ እያመጣ በሞተሩ አጠገብ በተሰቀለ ትንሽ ገንዳ ያጠራቅመዋል፤ ከዚያ በክብደቱ ወደ ካርቡራቶሩ ይወርዳል። ችግሩ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የሞተሩ መሳብ የሚደክም መሆኑ ነው። በረጅም ዳገት ላይ፣ ቤንዚን እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ገንዳው ይደርቅ ነበር። ዐዋቂው ነጂ እግሩን ለጥቂት ጊዜ ከፔዳሉ ያነሣል፤ መሳቡም ይመለሳል፣ ገንዳውም ይሞላል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ በሞተሩ ኃይል የሚንቀሳቀሰው ባለ ስስ ሽፋን ፓምፕ መጥቶ ይህን ዘዴ ተካው። በፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ወደ ታች ሲሳብ ቤንዚን ያስገባል፣ ወደ ላይ ሲመለስ ይገፋዋል። ዳገትና ሜዳ አይለይም። ነገር ግን ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ቧንቧም ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ ፓምፑ በቤንዚን ፈንታ አየር ይስባል። ይህ ብልሽት ከሁሉ የሚያሳስት ነው፤ ወደ ውስጥ አየር የሚያስገባው ስንጥቅ ሞተሩ ሲሠራ ወደ ውጭ ጠብታ ላያሳይ ይችላልና።

፬. የ1941 ምሳሌ

ከመኪና ወጣ ብለን አንድ የአውሮፕላን ምሳሌ የምንጠቅሰው ምክንያትን ከምልክት ስለ መለየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለሌለ ነው። በ1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሃሪኬንና ስፒትፋየር በሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ይሠሩ ነበር፤ ሞተሩም ተንሳፋፊ ያለው ካርቡራቶር ነበረው። አብራሪው አፍንጫዋን በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ቤንዚኑ ወደ ገንዳው ጣሪያ ይወረወራል፣ ቀዳዳዎቹም ይደርቃሉ፣ ሞተሩም ለአፍታ ይጠፋል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ግን ቤንዚኑ በግፊት የሚወጋለት ስለ ነበረ ይህ ችግር አልነበረበትም።

ምልክቱ የቤንዚን ማነስ ይመስል ነበር። ከመጀመሪያው መቋረጥ በኋላ የሚከተለውና የባሰው መቋረጥ ግን በተቃራኒው ከቤንዚን መብዛት የመጣ ነበር፤ ተንሳፋፊው ቦታውን ስቶ መርፌውን ሲከፍተው ፓምፑ ገንዳውን ያጥለቀልቀዋል። በፋርንቦሮ የምርምር ጣቢያ ትሠራ የነበረችው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ መፍትሔውን ከካርቡራቶሩ ውስጥ አልፈለገችም። በ1941 መጀመሪያ ላይ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ከሚፈልገው በላይ ቤንዚን የማያሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ በቧንቧው ላይ እንድትገባ አደረገች። አውሮፕላኖቹ ከግዳጅ ሳይወጡ በየሰፈራቸው ተገጠመችላቸው። ፍጹም መድኃኒት አልነበረችም፤ አብራሪዎቹን ከባሰው አደጋ አድናለች። ችግሩ የታየው በካርቡራቶሩ ሲሆን መፍትሔው የተገኘው ከእርሱ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው።

፭. ደጋና ቆላ

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1907 እና በ1908 መካከል ነው። ጋራዥ በየከተማው የተስፋፋው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬም በመካኒኮቻችን አፍ ያሉት ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የሙያው አንዱ ክፍል በማን እጅ እንዳለፈ ይመሰክራሉ።

ካርቡራቶርን በሚመለከት አገራችን ከሌላው የምትለይበት ነገር ከፍታዋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራቶሩ ግን አየሩ መሳሳቱን ሙሉ በሙሉ አይለይም። በባሕር ወለል የተለካ ቀዳዳ ያለው መኪና በአዲስ አበባ ከሚገባው መጠን ከመቶ 12 ያህል የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ዐዋቂ መካኒክ ቀዳዳውን በጠበበ ይለውጣል። ያው መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል። በአንዱ ስፍራ ትክክል የነበረው ልክ በሌላው ስፍራ ብልሽት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የቤንዚን በቧንቧ ውስጥ መትነን ነው። ቀላሉ የቤንዚን ክፍል ከ40 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት መፍላት ይጀምራል፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ከአዋሽ ሙቀት ተነሥቶ ጭነት ይዞ በዝግታ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና ሞተሩ እየጋለ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ ትነት ለመግፋት አልተሠራምና ቤንዚን በታንኩ ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ይቆማል። ነጂዎች በፓምፑና በቧንቧው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥቂት ያርፋሉ፤ ሲበርድ ያለ ምንም ጥገና ይነሣል። «ዐርፎ የሚነሣ» መሆኑ ራሱ ምርመራው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ለማጥናት የሚመቸው በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ ቮልስ የሚባለው ቮልስዋገን ነው። በመስከረም 1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት መኪና ይኸው ስለ ነበረ በአገሪቱ ትዝታ ውስጥም ስፍራ አለው። ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ቤንዚኑ በወለሉ መካከል ባለው ዋሻ አልፎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። እስከ 1961 አጋማሽ ድረስ የተሠሩት የቤንዚን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ነጂው በእግሩ አንድ መዘውር ገፍቶ የመጨረሻውን 5 ሊትር ይከፍታል። ከሞላ በኋላ መዘውሩን መመለስ የረሳ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መጠባበቂያ የለውም።

፮. የምርመራው ሥርዓት

ከላይ ከተነገረው ታሪክ አንድ ሥርዓት ይወጣል። ከታንኩ ተነሥቶ ቤንዚኑን ተከትሎ መሄድ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ችግሩ የነዳጅ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል፤ የእሳቱ ብልሽት ብዙ ጊዜ የነዳጅ መስሎ ይታያልና። አየር ማጣሪያውን አንሥቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ፔዳሉን እያንቀሳቀሱ ወደ ጉሮሮው ቢመለከቱ ቤንዚን ሲረጭ ከታየ በገንዳው ውስጥ ቤንዚን አለ፤ ሞተሩ ጨርሶ አልነሣ ካለ ወደ ካንዴላው መሄድ ይገባል። ካልታየ ጉዞው ከታንኩ ይጀመራል።

መጀመሪያ፣ በታንኩ ቤንዚን አለን? ሁለተኛ፣ የታንኩ ክዳን ይተነፍሳልን? ሦስተኛ፣ ቤንዚኑ እስከ ፓምፑ ይደርሳልን? አራተኛ፣ ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ ተነቅሎ በዕቃ ሲያዝ፣ ሞተሩ ሲዞር ቤንዚኑ እየደጋገመ በኃይል ይወጣልን? አምስተኛ፣ ፊልትሮውና የካርቡራቶሩ መግቢያ ንጹሕ ናቸውን? ለእነዚህ ሁሉ መልስ ከተገኘ በኋላ ብቻ ካርቡራቶሩ ይፈታል። በመጨረሻም ካንዴላው ይመሰክራል፤ ጥቁር ጥላሸት መብዛቱን፣ ነጭነት ማነሱን፣ ቡናማ ቀለም ልክ መሆኑን ያመለክታል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ሥርዓት የተማረው በቤተሰቡ ኪሳራ ነው። የአጎታችን ቮልስ ወደ አዳማ ሲሄድ በየ30 ኪሎ ሜትሩ እየቆመ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ ይነሣ ነበር። አንድ ጋራዥ ካርቡራቶሩን ሁለት ጊዜ ፈታው፤ በሦስተኛው አዲስ እንዲገዛ ተደረገ። መኪናው ግን መቆሙን አልተወም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መኪናው በቆመበት ሰዓት የታንኩን ክዳን እንዲከፍት ለአጎታችን ነገረው። ሲከፍተው ታንኩ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ፉጨቱ ተሰማ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ቤንዚን ሲወጣ አየር ስለማይተካው ፓምፑ መሳብ ያቅተው ነበር። ጥገናው አንዲት መርፌ ብቻ ፈጀ፤ የበርታ ቤንዝን መርፌ ያስታውሰናል።

በዚህ ሥራ ቸልታ ሕይወት ያስከፍላል። በቮልሱ ሞተር ላይ ፓምፑና ካርቡራቶሩ የእሳት ብልጭታ ከሚከፋፈልበት ክፍል አጠገብ ናቸው፤ ያረጀ ቱቦ ቢንጠባጠብ መኪናው ይቃጠላል፣ ብዙዎችም ተቃጥለዋል። ስለዚህ ምርመራው በሜዳ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ የእሳቱ ሽቦ ተነቅሎ መሆን አለበት። በጉሮሮው ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሣት ፊትን ለእሳት መስጠት ነው፤ ቤንዚንን በአፍ መምጠጥም ሳንባን ይጎዳል።

መደምደሚያ

ካርቡራቶር ከፋብሪካዎች የወጣው መጥፎ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። የአየር ብክለት ሕጎች በተለይም ከ1970 ወዲህ እየጠበቁ ሲሄዱ ድብልቁን በየቅጽበቱ የሚለካ ዘዴ ግድ ሆነ። ቮልስዋገን ራሱ በ1967 በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ መርጫ አዋለ፤ በ2003 ሥራው ያበቃው የሜክሲኮው ቮልስም በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ካርቡራቶር አልነበረውም። ያረጁት መኪኖች ግን አዲስ ፈተና ገጥሟቸዋል። በ2008 በአዲስ አበባ ከመቶ 5፣ በኋላም ከመቶ 10 ከስኳር ተረፈ ምርት የተገኘ ኢታኖል ከቤንዚን ጋራ ሲቀላቀል፣ የኢታኖል ጠባይ የአሮጌ ታንክ ዝገትና ዝቃጭ እንዲላቀቅ፣ የቀድሞ ጎማ ቱቦም እንዲላላ የሚያደርግ በመሆኑ ነገሩ ለመካኒኩ አዲስ ምዕራፍ ነበረ።

ዛሬ ስለ አዲሱ መኪና ብልሽት የሚናገረው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለ አሮጌው የሚናገሩት ግን ጭሱ፣ ሽታው፣ የካንዴላው ቀለምና የታንኩ ፉጨት ናቸው። ይህን ቋንቋ የሚያውቁት ሽማግሌ መካኒኮች ዕውቀታቸውን በጽሑፍ አላኖሩም፤ በቃል ከመምህር ወደ ረዳት ሲወርድ ኖሯል። የታሪክ ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት ወጣ ብለን በየጋራዡ ብንጠይቅና ብንመዘግብ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ ቀዳዳ እንዴት ይለውጡ እንደ ነበረ፣ የትኛውን ዳገት እንደሚፈሩና ለምን እንደሚፈሩት የሚናገር ሰነድ እናገኛለን። ሥራው ግን እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።